የአታሚው ጋሪ

አንባቢዬ ሆይ፤ ባለፈው እሑድ ቡናው ቀርቦ ገና አቦሉን ሳንቀምስ የእኅቴ ልጅ መጣ። በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ከተቀጠረ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ማታ ማታም ይማራል። ጠባዩ የታረመ፣ እጁም ለሥራ የማይሰንፍ ልጅ ነው። ሰላምታ ተሰጣጥተን ከተቀመጠ በኋላ ከደረት ኪሱ አንዲት ካርድ አውጥቶ በሁለት እጁ አቀረበልኝ። ስሙ በወርቅማ ፊደል ታትሞባታል፤ ከስሙም ሥር «መሥራችና ዋና ሥራ አስኪያጅ» የሚል ይነበባል።

«የምኑ ሥራ አስኪያጅ?» አልሁት።

«የጽሕፈትና የጥረዛ ድርጅት ልከፍት ነው፣ ጋሼ፤» አለኝ።

ቀጥሎም ስልኩን ከፍቶ ገጹን አሳየኝ። በፎቶግራፉ ላይ ሱፍ ልብስ ለብሶ ባለቤቱን በማያውቀው መኪና ተደግፎ ቆሟል። ሱፉም የጓደኛው ነው። ገጹን የሚከታተለው ሰው ብዛት ያስደንቃል፤ ሥራ ያመጡለትን ደንበኞች ስጠይቀው ግን በጣቱ ቈጥሮ ሦስት ሆኑ። ሦስቱም መመረቂያ ጽሑፋቸውን ያስተየቡት የማታ ተማሪዎች ናቸው።

የመጣበት ጉዳይ ወዲያው ተገለጠ። አንድ ትልቅ የማባዣ መሣሪያ በብድር ሊገዛ ዐስቧልና ዋስ እንድሆነው ይፈልጋል። የመሥሪያ ቤቱንም ሥራ ሊለቅ ማመልከቻውን ጽፎ በጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ አኑሮታል። ዋስ መሆን ምን ማለት እንደ ሆነ አንባቢዬ ታውቀዋለህ፤ የሌላውን ዕዳ ሲከፍል የኖረ ሰው በየሰፈሩ አይታጣም። እንቢ ማለትም ቀላል አይደለም፤ የእኅት ልጅ ነው። ስለዚህ «አንድ ሳምንት ስጠኝ» ብዬ አሰናበትሁት።

በዚያ ሳምንት ውስጥ የአንድ አታሚ ሰው ታሪክ ከመደርደሪያዬ አውርጄ እንደ ገና አነበብሁ። ለእኅቴ ልጅ የፈለግሁት መልስ ከዚያ ውስጥ ስለ ተገኘ፣ ደመወዝተኛ ሆነህ ወይም ገና እየተማርህ በጎን የራስህን ሥራ ለምታስብ ለአንተም ይበጅህ እንደ ሆነ ብዬ እነሆ አቀርበዋለሁ። እኅቴ አንባቢዬም «ለወንዶች ብቻ የተጻፈ ነው» ብለሽ ገጹን አትግለጪ፤ ነገሩ የሁላችንም ነው።

ሰውየውን በመልኩ ታውቀዋለህ። በመቶ ዶላር ኖት ላይ ግንባሩ ተገልጦ፣ ጸጉሩ ወደ ትከሻው ወርዶ የሚታየው ሽማግሌ ነው፤ ስሙም ቤንጃሚን ፍራንክሊን ይባላል። ብዙ ሰው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበረ ይመስለዋል፤ ነገር ግን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆኖ አያውቅም። (ዓመቶቹን ሁሉ የማነሣው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።) በ1706 በቦስተን ከተማ ተወለደ። አባቱ ሻማና ሳሙና ሠሪ ነበር፤ ከአሥራ ሰባቱ የአባቱ ልጆችም አሥራ አምስተኛው እሱ ነው። ትምህርት ቤት የቈየው ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ሲሆን፣ በ12 ዓመቱ በታላቅ ወንድሙ ማተሚያ ቤት ሙያ ለማዳ ሆኖ ገባ። ከወንድሙ ጋር ሳይስማማ ቀርቶ በ17 ዓመቱ፣ በ1723፣ ኮብልሎ ወደ ፊላዴልፊያ ሄደ። እዚያ ሲደርስ ኪሱ ውስጥ አንዲት የሆላንድ ዶላርና ጥቂት የመዳብ ሳንቲም ብቻ ነበረው።

አሁን የሚመጣውን ልብ በል። በፊላዴልፊያ የአገሩ ገዥ ልጁን ወደደው፤ «የራስህን ማተሚያ ቤት አቋቁምልሃለሁ፤ መሣሪያውን ከለንደን ግዛ፤ የብድር ደብዳቤም እሰጥሃለሁ» አለው። ልጁም አምኖ በ1724 ባሕር ተሻግሮ ለንደን ደረሰ። የደብዳቤው ከረጢት ሲከፈት ግን ለእሱ የተጻፈ ምንም ነገር አልተገኘበትም። ገዥው ቃል መስጠት የሚወድ፣ የሚሰጠው ግን የሌለው ሰው ኖሯል። እንዲህ ያለውን ሰው እኛም አገር ሳታውቀው አትቀርም፤ «ነገ ቢሮ ብቅ በል» ሲልህ የከረመው ማለቴ ነው። ፍራንክሊን በባዕድ ከተማ አንድ ዓመት ተኩል ያህል በሰው ማተሚያ ቤት ተቀጥሮ ሲሠራ ቈየ። ከዚህም ሌላ ዕዳ ነበረበት፤ አንድ ሰው ሰብስበህ አስቀምጥልኝ ያለውን 35 ፓውንድ ያህል ገንዘብ ተቀብሎ፣ ከዚያው ላይ እየቀነሰ ለጓደኛው አበድሮት ነበርና ባለገንዘቡ በጠየቀው ቀን ምን እንደሚመልስ እያሰበ ይጨነቅ ነበር።

በ1726 ወደ ፊላዴልፊያ ሲመለስ በመርከብ ላይ ከሁለት ወር ተኩል በላይ ቈየ። ዕድሜው 20 ዓመት ነበር። በዚያ ጉዞ ላይ ነው እስከዚያ ቀን ድረስ ኑሮውን ያለ ዕቅድ እንደ መራ፣ ስለዚህም ሕይወቱ የተዘበራረቀ እንደ ሆነ አምኖ በወረቀት ላይ ዕቅድ ያወጣው። ነጥቦቹ አራት ናቸው፤ በራሴ ቃል እነግርሃለሁ። መጀመሪያ፣ ያለበትን ዕዳ እስኪከፍል ድረስ በእጅጉ ቈጥቦ መኖር። ሁለተኛ፣ በማናቸውም ነገር እውነት መናገርና የማይፈጽመውን ተስፋ ለማንም አለመስጠት። ሦስተኛ፣ በያዘው ሥራ መትጋትና በድንገት ባለጸጋ በሚያደርግ የሞኝ ሐሳብ ከሥራው አለመዘናጋት። አራተኛ፣ ማንንም ሰው አለማማት።

እኔን የገረመኝ በዚህ ወረቀት ላይ የሌለው ነገር ነው። «ማተሚያ መሣሪያ እገዛለሁ» አይልም፤ «በዚህን ያህል ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ሺህ አተርፋለሁ» አይልም። የመጀመሪያው ቁም ነገር ዕዳ ነው። ሁለተኛውም ያ ገዥ በእሱ ላይ ያደረሰውን በሌላ ሰው ላይ እንዳያደርስ ነው። አንባቢዬ ሆይ፤ አንተም የራስህን ዕቅድ ስትጽፍ ከሌላ ሰው መጽሐፍ አትቅዳ፤ አንተን ከጐዳህ ነገር ጀምር። በቀጠሮ ማርፈድ ከሆነ እሱን፣ ብድር ከሆነ እሱን፣ ወሬ ከሆነም እሱን ጻፍ።

ሥራው የተከፈተው በ1728 ነው። ሜሬዲት የሚባል ባልንጀራው አባት ገንዘቡን አወጡና ሁለቱ ወጣቶች ማተሚያ ቤት ተከሉ። በከተማው አስቀድሞ ሁለት አታሚዎች ነበሩ። ነጋዴዎች ማታ ማታ በሚሰበሰቡበት ማኅበር ወሬው ሲነሣ አብዛኛው «ይህ ሱቅ ይዘጋል» ብሎ ፈረደ። ቤርድ የሚባል አንድ ሐኪም ግን አልተስማማም፤ ከማኅበር ወደ ቤቱ ሲመለስ ፍራንክሊን በሥራ ላይ እንደሚያየው፣ ጧትም ጐረቤት ከመኝታው ሳይነሣ ሥራ ጀምሮ እንደሚያገኘው መሰከረለት።

ምን ይሠራ ነበር? የኩዌከር ክርስቲያኖች የታሪክ መጽሐፍ 40 ሉክ እንዲያትም ታዝዞ፣ በቀን አንድ ሉክ ለመጨረስ ወስኖ ነበር። በዚያን ዘመን እያንዳንዱ ፊደል ከእርሳስ የተሠራ ሆኖ በእጅ እየተለቀመ ነው የሚደረደረው። አንድ ሌሊት የዕለቱን ሥራ ጨርሶ ሊተኛ ሲል ድርድሩ ተናደና ሁለት ገጽ ሙሉ ፊደል ተበታተነ። ፊደሉን ለቅሞ፣ ወደየሣጥኑ መልሶ፣ ሁለቱን ገጽ እንደ ገና ደርድሮ ነው የተኛው። ያን ሌሊት የሚያየው ሰው ይኑር አይኑር አላወቀም። መብራቱ ግን በመስኮት ይታይ ነበር።

ሐኪሙ ይህን ከተናገረ በኋላ ከማኅበረተኞቹ አንዱ «የጽሕፈት ዕቃ ላቅርብላችሁና ሸጡ» ብሎ ጠየቃቸው። ሁለቱ ወጣቶች ግን ወደ ሱቅ ንግድ ለመግባት ጊዜው ገና ነው ብለው ተዉት። ይህችን መስመር ለእኅቴ ልጅ ሁለት ጊዜ አነበብሁለት።

ወደ ጋሪው ልምጣ። ፍራንክሊን በሽምግልናው በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ ሳይደብቅ እንደ ገለጸው፣ ትጉህና ቈጣቢ መሆን ብቻ ሳይሆን ትጉህ መስሎ መታየትንም ያስብበት ነበር። ልብሱ ተራ ነው፤ ሥራ ፈት በሚሰበሰብበት ቦታ አይታይም፤ ለማተሚያ ቤቱ ወረቀት ሲገዛም በጋሪ ጭኖ እሱ ራሱ በአደባባይ እየገፋ ወደ ቤቱ ይወስድ ነበር። ነጋዴዎቹም ይህን አይተው ደንበኛቸው እንዲሆን ጠየቁት።

«እንግዲያው እሱም እንደ እኔ ታይታ ፈልጓል!» አለ የእኅቴ ልጅ፤ ፊቱ በራ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። እኔም በወጣትነቴ ይህን ሳነብ ሰውየውን ትንሽ ታዝቤው ነበር። ዛሬ የምፈርደው እንዲህ ነው፦ በጋሪው ላይ የነበረው ወረቀት እውነተኛ ወረቀት ነው፤ በማግሥቱ የሚታተምበት ነው። ሱፉ ግን የጓደኛ ነው፤ መኪናውም የማይታወቅ ሰው። ያለህን ሥራ ሰው እንዲያየው በመስኮት አጠገብ መሥራት አንድ ነገር ነው፤ የሌለህን ማሳየት ሌላ ነገር ነው። ስልኩ ላይ ያለውን ገጽ ዝጋው አላልሁትም። የጠረዘውን መጽሐፍ ጀርባ፣ የተስተካከለውን ኅዳግ፣ ሙጫ የነካ እጁን ቢያሳይበት የዘመኑ ጋሪ ይሆንለታል።

አሁን ወጣቶች «ፐርሰናል ብራንድ» የሚሉትን አባቶቻችን በአጭሩ ስም ይሉት ነበር። ስም በገበያ ዋጋ እንዳለው ከአገራችን ቡና በላይ ምስክር የለም። መንግሥታችን በ2005 ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋ ጨፌ የሚሉት ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት ሆነው እንዲመዘገቡ ማመልከቻ አስገባ፤ ብዙ ክርክር ተነሣ፤ በመጨረሻም በ2007 ስታርባክስ ከሚባለው ትልቅ የቡና ኩባንያ ጋር በስሞቹ አጠቃቀም ላይ ስምምነት ተደረገ። እስቲ አስበው፤ ስሙ ክርክር ያስነሣው ማመልከቻ ስለ ተጻፈለት ነው? ገበሬው ቀድሞ የሚጣፍጥ ቡና ስላበቀለ ነው እንጂ። ማመልከቻው ኋላ መጣ።

ከሜሬዲት ጋር የነበረው ሽርክና አልቈየም። አባቱ ከገቡት 200 ፓውንድ የከፈሉት ግማሹን ብቻ ነበርና ባለዕዳው ነጋዴ ከሰሳቸው። ሜሬዲትም መጠጥ ያዘወትር ነበር። ማተሚያ ቤቱ ሊሸጥ በደረሰበት ሰዓት ኮልማንና ግሬስ የሚባሉ ሁለት ወዳጆች፣ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ፣ ሳይጠየቁም፣ እየብቻቸው መጥተው «ሥራውን ለብቻህ ያዘው፤ የሚያስፈልግህን ገንዘብ እሰጥሃለሁ» አሉት። እሱም አንዱን አስበልጦ ሌላውን ላለማስቀየም ከሁለቱም ግማሽ ግማሹን ተበደረ። በ1730 ሽርክናው ፈረሰ፤ ሜሬዲት 30 ፓውንድና አንድ አዲስ ኮርቻ ተቀብሎ ሄደ። ያንን የጥንቱን 35 ፓውንድም ከወለዱ ጋር ለባለቤቱ መለሰለት።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ባጭሩ ልለፈው፤ ሀብት የገባለት ሰው ታሪክ ለማንበብ አይጥምም። በ1729 የከሰረ ጋዜጣ ገዛ፤ ደንበኞቹ ቢበዛ 90 ነበሩ። በ1732 መጨረሻ የዘመን መቍጠሪያ መጽሐፍ ማውጣት ጀመረ፤ በየዓመቱም ወደ 10,000 ይሸጥ እንደ ነበር ጽፏል። በ1731 የራሱን ሠራተኛ ወደ ሳውዝ ካሮላይና ልኮ፣ ከወጪው ሢሶውን ችሎ ከትርፉም ሢሶውን እየወሰደ ማተሚያ ቤት አስከፈተ፤ ሌሎችንም እንዲሁ። እነዚህ ሽርክናዎች በሰላም ያለቁት የእያንዳንዱ ድርሻና ግዴታ አስቀድሞ በውል ስለ ተጻፈ እንደ ሆነ ይናገራል። እኛ አገር ጓደኛሞች አብረው ሲነግዱ ውል መጻፍ አለመተማመን ይመስላቸዋል። ከሜሬዲት በኋላ እሱ እንዲህ አልመሰለውም። በ1748፣ በ42 ዓመቱ፣ ማተሚያ ቤቱን ለሽርካው ትቶ ጡረታ ወጣና ወደ ሳይንስና ወደ አገር ሥራ ገባ።

ሰውየውን መልአክ አድርጌ አላቀርብልህም። ባሪያ የገዛ፣ በጋዜጣውም የባሪያ ሽያጭ ማስታወቂያ ያወጣ ሰው ነው፤ ባርነትን የሚቃወመው ማኅበር ፕሬዚዳንት የሆነው በ1787፣ በሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው። ስለ ራሱ ባወጣው ዕቅድም ቢሆን አልተሳካለትም። አሥራ ሦስት የጠባይ ዓይነቶች መርጦ፣ በትንሽ ደብተር ላይ ሠንጠረዥ አስምሮ፣ ለአንድ ሳምንት አንዱን እየተጠባበቀ ባጠፋ ቍጥር ጥቍር ነጥብ ያደርግ ነበር፤ በ13 ሳምንት አንድ ዙር፣ በዓመት አራት ዙር መሆኑ ነው። ከሁሉም ያስቸገረው ሥርዓት ማለትም ዕቃን በቦታው፣ ሥራንም በሰዓቱ ማድረግ ነበር፤ እስከ ሽምግልናው አልተለማመደውም። ዓመት በአሥራ ሦስት ወር ለምንቈጥር ለእኛ ቍጥሩ እንግዳ አይደለም። እኔ በየዓመቱ ጳጉሜንን የሒሳብ ወር አድርጌዋለሁ፤ ዓመቱን ሙሉ የገባሁትን ቃል በደብተር አሰፍርና በነዚያ አምስት ወይም ስድስት ቀኖች ስንቱን እንደ ፈጸምሁ እቈጥራለሁ። ያለፈው ዓመት ደብተር እዚህ የሚታተም አይደለም።

እሑድ የእኅቴ ልጅ ተመልሶ መጣ። ይህን ሁሉ ሲያዳምጥ ከቈየ በኋላ «ግን ጋሼ፣ ፍራንክሊንም እኮ ያበደሩት ሰዎች ነበሩት» አለኝ።

እውነቱን ነው። ይባስ ብሎም ፍራንክሊን በ1790 ሲሞት ለቦስተንና ለፊላዴልፊያ 1,000 1,000 ፓውንድ ተናዞ፣ ገንዘቡ ሙያ ለለመዱ ወጣቶች ከ15 እስከ 60 ፓውንድ እየሆነ በመቶ አምስት ወለድ እንዲበደር፣ ይህም 200 ዓመት እንዲቀጥል አዝዟል። እሱ ራሱ ሥራ የጀመረው በሁለት ወዳጆች ብድር እንደ ሆነ በኑዛዜው አስታውሷል። ያሰበው በሚሊዮን የሚቈጠር ፓውንድ ነበር፤ ሒሳቡ እንዳሰበው ባይሄድም ዘመኑ በ1990 ሲያበቃ በቦስተን ወደ አምስት ሚሊዮን፣ በፊላዴልፊያ ወደ ሁለት ሚሊዮን ዶላር ተገኝቷል። ለተበዳሪዎቹ ያወጣው ደንብ ግን ለእኔ የተጻፈ መሰለኝ፤ ተበዳሪው ሙያውን የጨረሰ ይሁን፣ ስለ ጠባዩም የሚመሰክሩና ዋስ የሚሆኑ ቢያንስ ሁለት የተከበሩ ሰዎች ያቅርብ ይላል።

«ያበደሩት ሳይጠይቃቸው ነው የመጡት፤ ምን አይተው ይመስልሃል?» አልሁት። ዝም አለ።

ከዚያ ወረቀት አውጥተን አብረን ጻፍን። የመልቀቂያው ማመልከቻ በመሳቢያው ይቈይ፤ ደመወዙ እስካለ ድረስ ደንበኛ ሲጠፋ አይራብም። መሣሪያው ይቅር፤ እሱ ይተይብ፣ ያስተካክል፣ ይጠርዝ፤ ማባዣ ካላቸው ዘንድ እየከፈለ ያባዛ፤ ለሌላ ሰው የሚከፍለው ገንዘብ ከመሣሪያው ወርኃዊ ክፍያ ሲበልጥ ያን ጊዜ ስለ መግዛት እናወራለን። የመሥሪያ ቤቱን ወረቀትም ሆነ የመሥሪያ ቤቱን ሰዓት አይንካ። (እዚህ ላይ ቀና ብሎ አላየኝም።) ጽሑፍ ይተይባል እንጂ ለተማሪ ጽሑፍ ደርሶ አይሸጥም፤ ይህን የሚጠይቁት ብዙ ናቸው፣ የሚከፍሉትም ጥሩ ነው፣ ስሙንም የሚቀብሩለት እነሱ ናቸው።

የመጨረሻው ከሁሉ የቀለለ ይመስላል። ተማሪ ጽሑፉን የሚያስረክብበት ቀን አለው፤ ቀኑ ካለፈ መመረቁ ያልፋል። በከተማችን የሚተይብ ሰው ሞልቷል፤ ባለው ቀን የሚያስረክብ ነው የጠፋው። ስለዚህ በደብተር ላይ ሁለት ዓምድ ያስምር፤ ባንደኛው ቃል የገባበትን ቀን፣ በሁለተኛው ያስረከበበትን ቀን ይጻፍ። ለ13 ሳምንት። ሦስቱን የቀድሞ ደንበኞች ጠይቄው ነበር፤ ከሦስቱ ለአንደኛዋ ሁለት ቀን አሳልፎ ነው የሰጣት። እሷ ሌላ ደንበኛ አላመጣችም፤ ሁለቱ ግን አንድ አንድ ጓደኛ ልከውለታል። እንግዲህ የገበያው ጥናት ይኸው ነው።

ስለ ዋስትናው አልፈረምሁም፤ አልፈርምምም አላልሁት። በ13ኛው ሳምንት ደብተሩን ይዞ ይመጣል። እኔም ሁለተኛ ዋስ የሚሆነው ሰው ከወዲሁ እየፈለግሁለት ነው፤ ፍራንክሊን ሁለት ነው ያለው።

ሲነሣ ካርዶቹን የያዘችውን ሣጥን ጠረጴዛዬ ላይ ትቷት ሄደ። ተከትዬው «ረስተሃል» ብለው፣ «ይቀመጡ ጋሼ፤ ሌላ አሳትማለሁ» አለኝ። በአዲሱ ላይ ምን እንደሚያጽፍ ስጠይቀው ጥቂት አሰበና «ስሜን፣ ስልኬን፣ ጽሕፈትና ጥረዛ» አለ። ፍራንክሊንም አምባሳደርነቱን ሁሉ ከፈጸመ በኋላ በ1788 ኑዛዜውን ሲጽፍ ከስሙ ቀጥሎ ያስቀደመው «አታሚ» የሚለውን ቃል ነው። ካርዶቹ ጀርባቸው ባዶ ነውና አልጣልኋቸውም፤ የዚህን ጽሑፍ ረቂቅ የጻፍሁት በእነሱ ላይ ነው፤ ለሚመጣው ሳምንትም ተርፈዋል።